በብርሃን የተነገረ ስምምነት
ፍርድ ቤቶች በቆዩ የጾታ ጥቃት ጉዳዮች የጋራ የቅጣት አስተያየትን እንዴት ይመዝናሉ?



በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 13 የሚገኘው የሶስና ታሪክ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ዳኞች ሆነው የተሾሙ ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ንጽሕት ሴት ላይ ክፉ ተመኙ፤ እምቢ ባለቻቸውም ጊዜ ተስማምተው በሐሰት መሰከሩባት። የሁለቱ ቃል አንድ ስለ ሆነ ጉባኤው አመናቸው፤ ሞትም ፈረደባት። ወጣቱ ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው። መልሳቸው ተለያየ፤ ሶስናም ዳነች። ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንዱ ነገር የሁለት ሰዎች መስማማት ብቻውን ፍትሕ አለመሆኑን ነው። ስምምነቱ በብርሃን ቆሞ ሊጠየቅ ይገባዋል።

በዘመናችንም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ ይነሣል። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት በሕፃን ላይ የጾታ ጥቃት የፈጸመ ሰው ዛሬ በፍርድ ቤት ይቀርባል። ጥፋቱን ያምናል። ዐቃቤ ሕጉና ተከላካይ ጠበቃው «ይህን ያህል ዓመት ይታሰር» ብለው በአንድ ቃል ለዳኛው ያመለክታሉ። ዳኛውም ብዙውን ጊዜ ይቀበላል። ይህን የሰማ ምእመን «በሕፃን ስቃይ ላይ ድርድር ይደረጋልን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በብዙ አገሮች ከተከሰሱት መካከል ካህናትና ገዳማውያን ስለ ነበሩበት፥ ጥያቄው የቤተ ክርስቲያንም ጥያቄ ነው።

በዚህ ትምህርት የካናዳን ፍርድ ቤቶች አሠራር እንመለከታለን፤ የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጉዳዩ ላይ ግልጽ ሚዛን አስቀምጧልና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. በጨለማ የተደረገ ስምምነት

በካናዳ የኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በሴንት ጆንስ፥ የክርስቲያን ወንድሞች ማኅበር የሚያስተዳድረው ማውንት ካሽል የተባለ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበረ። በ1975 ልጆቹ ስለ ደረሰባቸው ጥቃት ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጡ። ከማኅበሩ አባላትም ሁለቱ ጥፋታቸውን አመኑ። ነገር ግን ምርመራው እንዲቆም ተደረገ፤ ክስ አልተመሠረተም፤ ሁለቱ ሰዎች ከክፍለ ሀገሩ ወጥተው ሕክምና እንዲያገኙ ብቻ ተወሰነ። ልጆቹ እዚያው ቀሩ።

ነገሩ ዳግመኛ የተነሣው ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። በ1989 መንግሥት በጡረታ ላይ በነበሩት ዳኛ በሳሙኤል ሂውዝ የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን ሰየመ፤ ኮሚሽኑም የ1975ቱ ምርመራ እንዴት እንደ ቆመ በአደባባይ መረመረ። ማሳደጊያው በ1990 ተዘጋ። በርካታ የማኅበሩ አባላትም ተከስሰው ጥፋተኞች ተባሉ። የካናዳ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ጉባኤ «ከስቃይ ወደ ተስፋ» የተባለውን ሰነድ ያወጣው በ1992፥ ይህ ቁስል ገና ሳይጠግግ ነበር።

በ1975ም ስምምነት ነበረ። ያ ስምምነት ግን በዳኛ ፊት አልቀረበም፤ ምክንያቱ አልተነገረም፤ ልጆቹም አልተጠየቁበትም። አሁን የምንመለከተው የጋራ የቅጣት አስተያየት ከዚህ የሚለየው በእነዚህ ነገሮች ነው። ልዩነቱን በሚገባ ካልያዝን ሁለቱን አንድ አድርገን እንፈርዳለን።

2. የጋራ የቅጣት አስተያየት ምንድን ነው?

አንድ ተከሳሽ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሲያምን፥ ዐቃቤ ሕጉና ተከላካይ ጠበቃው ስለ ቅጣቱ አስቀድመው ይነጋገራሉ። ከተስማሙም አንድ የቅጣት አስተያየት ለዳኛው ያቀርባሉ። ይህ ለዳኛው የሚቀርብ ሐሳብ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። የካናዳ የወንጀል ሕግ ዳኛው የእምነት ቃሉን ከመቀበሉ በፊት፥ ተከሳሹ በፈቃዱ ማመኑን፥ የሚያስከትለውን ማወቁን፥ ደግሞም በጠበቆቹ መካከል የተደረገው ስምምነት ፍርድ ቤቱን እንደማያስገድድ መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ያዝዛል።

እንዲህ ያለ ስምምነት ለምን ያስፈልጋል? ተከሳሹ ጥፋቱን ሲያምን በሙግት የመከራከር መብቱን ይተዋል፤ በምትኩም ምን እንደሚጠብቀው በመጠኑ ማወቅ ይፈልጋል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ የማስረጃውን ጥንካሬና ድካም ያውቃል። በቆየ ጉዳይ ምስክሮች ሞተዋል፤ የትምህርት ቤት መዝገብ ጠፍቷል፤ ተበዳዩ ዕለቱንና ወሩን ለይቶ ማስታወስ ይቸግረዋል። ወንጀል ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ ስላለበት፥ እውነተኛ በደልም ቢሆን በማስረጃ ጉድለት ሊወድቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ተበዳዩ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ቆሞ፥ ያን ክፉ ቀን ቃል በቃል እየተናገረ በመስቀለኛ ጥያቄ ከመፈተን ይድናል። በአደባባይ «አዎን፥ አድርጌዋለሁ» የሚለውን ቃል ከበደለኛው አፍ መስማት፥ ለዓመታት «ውሸታም» ለተባለ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

3. የዳኛው ሚዛን

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2016 አንቶኒ-ኩክ በተባለው ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ለዚህ ሁሉ መሠረት ሆኗል። ጉዳዩ ራሱ የጾታ ጥቃት አልነበረም፤ ሰው በመሞቱ የተነሣ ክስ ነበር። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ የጋራውን አስተያየት ትቶ ቅጣቱን አክብዶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በአንድ ድምፅ የጋራውን አስተያየት መለሰ፤ ሚዛኑንም አስቀመጠ።

በዚህ ሚዛን መሠረት ዳኛው ራሱን የሚጠይቀው «እኔ ብሆን ስንት ዓመት እፈርድ ነበር?» ብሎ አይደለም። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «ይህ ቅጣት የፍትሕን አስተዳደር የሚያዋርድ ወይም በሌላ መንገድ የሕዝብን ጥቅም የሚጻረር ነውን?» ይህንም የሚለካው በስሜት በተነሣሣ ሰው ዓይን ሳይሆን፥ ነገሩን ሁሉ በሚያውቅ አስተዋይ ሰው ዓይን ነው። እንዲህ ያለ ሰው፥ የስምምነቶች መጽናት ለፍትሕ ሥራ ያለውን ጥቅም ጭምር እያወቀ፥ «የፍትሕ ሥርዓቱ ፈርሷል» የሚያሰኝ ቅጣት ሆኖ ካገኘው፥ ያን ጊዜ ዳኛው ሊቀበለው አይገባም። ከዚህ ያነሰ ቅሬታ ግን ስምምነቱን ለማፍረስ አይበቃም።

መለኪያው ስለ ምን እንዲህ ከፍ አለ? ዳኛው በቀላሉ የሚያፈርሰው ስምምነት ቢሆን ኖሮ፥ ማንም ተከሳሽ ተማምኖ ጥፋቱን አያምንም ነበር፤ ተበዳዮችም ሁሉ ወደ ሙግት ይገፉ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ጆርዳን በተባለው ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ለክሶች የጊዜ ገደብ ማስቀመጡንም እናስታውስ፤ ገደቡ በበታች ፍርድ ቤት 18 ወር፥ በከፍተኛው 30 ወር ነው። ሁሉም ጉዳይ በሙግት ይለቅ ቢባል ፍርድ ቤቶቹ አይችሉትም።

ዳኛው ግን ዝም ብሎ ማኅተም የሚያደርግ ጸሐፊ አይደለም። ጠበቆቹ ስምምነቱ በምን ምክንያት እንደ ተደረሰ ሊያስረዱት ይገባል። ከተጠራጠረ ጥርጣሬውን በግልጽ ይነግራቸዋል፤ መልስ እንዲሰጡም ዕድል ይሰጣል። ካልረካም ተከሳሹ የእምነት ቃሉን እንዲያነሣ ሊፈቅድለት ይችላል። በመጨረሻም አስተያየቱን ካልተቀበለ ምክንያቱን ይናገራል። በ2022 ናሃኒ በተባለው ጉዳይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ይህ ጥብቅ ሚዛን ሁለቱ ወገኖች በቅጣቱ ላይ በተስማሙበት ጊዜ ብቻ እንደሚሠራ ገልጿል። ተከሳሹ አምኖ በቅጣቱ ላይ ክርክር ካለ፥ ዳኛው በነጻነት ይወስናል፤ ሆኖም ዐቃቤ ሕጉ ከጠየቀው በላይ ለመቅጣት ካሰበ አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባዋል።

4. ዘመን ያለፈበት በደል

በካናዳ ከባድ ወንጀል በይርጋ አይታገድም። ስለዚህ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ በደሎች ዛሬም በፍርድ ቤት ይታያሉ። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይነሣሉ።

መጀመሪያ፥ በየትኛው ሕግ ይቀጣ? የ1982ቱ የካናዳ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር በአንቀጽ 11 ይመልሳል፦ ወንጀሉ በተፈጸመበት ቀንና ቅጣቱ በሚወሰንበት ቀን መካከል ሕጉ ከተለወጠ፥ ተከሳሹ የቀለለውን ያገኛል። በ2019 ፑሊን በተባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚነጻጸሩት እነዚህ ሁለት ቀኖች ብቻ መሆናቸውን ወሰነ፤ በመካከል ለጥቂት ጊዜ የነበረ ቀላል ቅጣት አይቆጠርም። ይህ መርሕ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22 ከድርጊቱ በኋላ የወጣ ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ሲሆን ተፈጻሚ እንደሚሆን ይደነግጋል።

መርሑ ትክክል ቢሆንም ዋጋው ከባድ ነው። ከ1983 በፊት በነበረው የካናዳ ሕግ በሴት ላይ የሚፈጸም ነውረኛ ጥቃት ከፍተኛ ቅጣቱ 5 ዓመት ሲሆን፥ በወንድ ላይ ሲፈጸም 10 ዓመት ነበር። በአንድ ቤት ያደጉ እኅትና ወንድም በአንድ ሰው ቢበደሉ፥ የእኅትየው ስቃይ በሕጉ ፊት ግማሽ ነበረ ማለት ነው። ዛሬ የሚፈርደው ዳኛ ይህን ወሰን ሊያልፍ አይችልም።

ሁለተኛ፥ በየትኛው ዕውቀት ይመዘን? እዚህ ላይ ዳኛው በአሮጌው ዘመን አልታሰረም። በ2020 ፍሪሰን በተባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የጾታ ጥቃት የሚያደርሰው ጉዳት ከሥጋ ይልቅ በነፍስና በሥነ ልቡና ላይ ለረጅም ዘመን እንደሚቆይ አስረዳ። ፓርላማው በ2015 ጭምር ቅጣቶቹን ከፍ ማድረጉን ጠቅሶም፥ ቅጣቶች ሊከብዱ እንደሚገባ፥ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ እስራትም ለብርቅ ጉዳይ ብቻ የሚቀመጥ አለመሆኑን አስተማረ። ስለዚህ ዳኛው ጣሪያውን ከአሮጌው ሕግ ቢወስድም፥ የጉዳቱን ጥልቀት በዛሬው ማስተዋል ይመዝናል። ደግሞም በ2008 በተሰጠ ፍርድ መሠረት ከፍተኛው ቅጣት ከሁሉ ለከፋው ወንጀለኛ ብቻ የተከማቸ አይደለም።

ሦስተኛ፥ የዘመን ርዝመት ቅጣት ያቀልላልን? የዘገየው ተበዳዩ ስለ ፈራና ስላፈረ ከሆነ፥ በደለኛው በዝምታው ሊጠቀም አይገባም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 ባሳለፈው ውሳኔ፥ ተበዳይ ዘግይቶ መናገሩ ብቻውን ቃሉን የሚያስጠረጥር አለመሆኑን ገልጿል። የበደለኛው እርጅናና ሕመም ይታያል፤ ነገር ግን በደሉን አይሰርዝም። «ከዚያ ወዲህ መልካም ሰው ሆኖ ኖሯል» የሚለውም ቢሆን በጥንቃቄ ይመዘናል፤ ብዙ ጊዜ ሕፃኑን ለብቻው ለማግኘት በር የከፈተለት ያው መልካም ስሙ ነበርና።

5. አንድ ምሳሌ እንውሰድ

ለትምህርት እንዲሆነን አንድ ጉዳይ እናስብ፤ እውነተኛ ሰዎችን አይመለከትም። አንድ መምህር በ1976 የዐሥራ አንድ ዓመት ተማሪውን በተደጋጋሚ በነውር ዳስሷል። ዛሬ ሽማግሌና ሕመምተኛ ነው። ተማሪዋ በስድሳ ዓመቷ ገደማ ተናገረች። እርሱም ከሙግት በፊት አመነ። ከፍተኛው ቅጣት 5 ዓመት ነው። ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው 3 ዓመት እስራት ብለው ተስማሙ።

ዳኛው ቅጣት ማክበጃዎቹን ይቆጥራል፦ የልጅቱ ዕድሜ፥ የድርጊቱ መደጋገም፥ መምህር በመሆኑ የተሰጠውን አደራ መብላቱ። ማቅለያዎቹንም ይቆጥራል፦ ጥፋቱን ማመኑ፥ እርስዋን ከምስክርነት ማዳኑ፥ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ወንጀል አለመፈጸሙ፥ ሕመሙ። ዳኛው ለብቻው ቢወስን 4 ዓመት ይፈርድ ይሆናል። ቢሆንም የ3 ዓመቱ ቅጣት አስተዋይ ሰው «ፍትሕ ፈረሰ» የሚልበት አይደለምና ይቀበለዋል።

ስምምነቱ «እስራት አይኑር፤ ይመከርና ይሂድ» የሚል ቢሆንስ? ያን ጊዜ ዳኛው ጠበቆቹን «ስለ ምን?» ይላቸዋል። ዐቃቤ ሕጉ «ማስረጃው ሊወድቅ ተቃርቧል፤ ተበዳይዋም መመስከር ከቶ አትችልም» ብሎ ቢያስረዳ፥ ዳኛው ቅር እያለውም ሊቀበለው ይችላል። በቂ ምክንያት ካልቀረበ ግን ስምምነቱን አይከተልም። አንዱን ስምምነት ከሌላው የሚለየው የዓመቱ ቍጥር ብቻ አይደለም፤ በአደባባይ የቀረበው ምክንያትም ነው።

6. ተበዳዩ የት አለ?

በካናዳ ወንጀልን የሚከስሰው መንግሥት ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ የተበዳዩ ጠበቃ አይደለም። ስለዚህ ተበዳዩ ስምምነቱን ማጽደቅም ሆነ መሻር አይችልም። ይህ ለብዙዎች መራራ ነው። ይሁን እንጂ በ2015 በሥራ ላይ የዋለው የተበዳዮች መብት ሕግ አንዳንድ በሮችን ከፍቷል። በከባድ የአካል ወይም የሥነ ልቡና ጉዳት ወንጀሎች፥ ዳኛው የእምነት ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ስለ ስምምነቱ ለተበዳዩ ለማሳወቅ ተገቢ ጥረት መደረጉን ዐቃቤ ሕጉን ይጠይቃል። ተበዳዩም የደረሰበትን ጉዳት በጽሑፍ አቅርቦ በፍርድ ቤት ሊያነብብ ይችላል። ስሙም በጋዜጣ እንዳይወጣ ፍርድ ቤቱ ይከለክላል።

በእነዚህ በሮች የገባ ተበዳይ ሁልጊዜ ረክቶ አይወጣም። ሆኖም በ1975 እንደ ማውንት ካሽል ልጆች በሩ ተዘግቶበት አልቀረም።

7. ለእኛ ምን ያስተምረናል?

ትምህርተ ክርስቶስ በምሥጢረ ንስሓ የሚሰጠው ሥርየት ኃጢአትን እንደሚያስወግድ፥ ነገር ግን ኃጢአቱ ያፈረሰውን ሁሉ እንደማይጠግን ያስተምራል። በደለኛው የሚችለውን ያህል መካስ አለበት። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የነጠቀውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ፤ ቸርነትን መቀበሉ ዕዳውን ከመክፈል አላገደውም። ሕጋዊ ቅጣትም በፈቃድ ሲቀበሉት ለበደለኛው የካሣ ፍሬ እንዳለው ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ስለዚህ በፍርድ ቤት ቆሞ ጥፋቱን የሚያምን ሰው፥ ልቡ ከአፉ ጋር ከሆነ፥ የንስሓን መንገድ ጀምሯል እንላለን። ልቡን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ ዳኛው የሚመዝነው የሚታየውን ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ በመንደራችን ሦስት አባባሎች ትሰማላችሁ። «ያለፈ አልፏል» ሲሉአችሁ፥ ለተበዳዩ እንዳላለፈ አስረዱ። «ጥፋቱን ካመነ ይቅር ይባል» ሲሉአችሁ፥ ይቅርታ የተበዳዩ ስጦታ እንጂ ሌላ ሰው የሚያዝዘው እንዳልሆነ፥ ይቅርታም ቅጣትን እንደማይሽር ንገሩ። «በሽማግሌ ይለቅ» ሲሉአችሁ ግን ከሁሉ ይልቅ ተጠንቀቁ። ሽምግልና በእርሻ ድንበርና በባልና ሚስት ጠብ የተባረከ ባህላችን ነው። በሕፃን ላይ የተፈጸመን ጥቃት በካሣና በመሐላ በጓዳ መዝጋት ግን የማውንት ካሽልን ስሕተት መድገም ነው። የ1949 ዓ.ም. የአገራችን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው የደፈራትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ትቶ ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቶታል። እኛ መልሰን ልንከፍተው አይገባንም።

ቤተ ክርስቲያንም በራስዋ ቤት በሩን ወደ ብርሃን ከፍታለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2019 ባወጡት «ቮስ ኤስቲስ ሉክስ ሙንዲ» በተባለው ሕግ፥ ካህናትና ገዳማውያን እንዲህ ያለ ጥቃት መፈጸሙን ካወቁ ለቤተ ክርስቲያን ሥልጣን እንዲያሳውቁ ግዴታ ተጥሎባቸዋል፤ የየአገሩ ሕግ የሚጠይቀውም እንደ ተጠበቀ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በእነዚህ ጉዳዮች ላይ የነበረው ጳጳሳዊ ምሥጢር ተነሥቷል። የኑዛዜ ማኅተም ግን ፈጽሞ አይነካም። ከኑዛዜ ውጭ የሰማነውን በደል መሸሸግ የኑዛዜ ማኅተም አይደለም።

ወደ ሶስና እንመለስ። ዳንኤል ሽማግሌዎቹን የጠየቃቸው ስለ ተስማሙ አልነበረም፤ በስምምነታቸው ውስጥ አንዲት ነፍስ ስለ ነበረች ነው። የሰው ስምምነት በፊታችን ሲቀርብ፥ በፍርድ ቤትም ይሁን በቁምስና፥ እኛም ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ በብርሃን ተነገረን? ምክንያቱ ተገለጠን? የተበደለው ተሰማን? እነዚህ ከተሟሉ፥ ቅጣቱ ከምንመኘው ያነሰ ቢሆንም እንኳ፥ ፍትሕ ተሽጣለች ለማለት አንቸኩል። ከጎደሉ ግን ቅጣቱ ቢከብድም አንረፍ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በ1975 በማውንት ካሽል የተደረገውና በዳኛ ፊት የሚቀርበው የጋራ የቅጣት አስተያየት በምን ይለያያሉ?

ለ. ዳኛው «እኔ ብሆን ስንት ዓመት እፈርድ ነበር?» ብሎ የማይጠይቀው ስለ ምንድን ነው?

ሐ. ወንጀሉ በተፈጸመበት ዘመን የነበረው ቀላል ቅጣት እንዲጸና መደረጉ ለተበዳዩ ከባድ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ይጠበቃል?

መ. በቁምስናችሁ አንድ ሰው በልጅነቱ የደረሰበትን በደል ቢነግራችሁ፥ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ምንስ ከማለት ትቆጠባላችሁ?

የእውነት አምላክ፥ በዝምታ ለሚሠቃዩት ድምፅን፥ ለሚፈርዱት ማስተዋልን፥ ለበደሉት ንስሓን፥ ለሁላችንም ብርሃንን የምንወድድበትን ልብ ይስጠን። አሜን።